የቀበናዋ ቅቤ ቀማሽ

ነገሩ የሆነው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ሁዳዴ ተጋምሶ፣ በበልጉ ዝናብ የቀበና ወንዝ መደፍረስ በጀመረበት ሰሞን። ያኔ እኔ የሦስት ልጆች እናትና የየካ አካባቢ የምግብ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ የሚሸጥ ባለሱቅ ሲገኝ ናሙና እወስዳለሁ፣ ክሱን አዘጋጃለሁ፣ ፍርድ ሸንጎ ፊት ቆሜ አስረዳለሁ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

በመሸኛዬ ቀን አንዲት ወጣት ተቆጣጣሪ አጠገቤ ተቀምጣ «እትዬ ጽጌ፣ ያኔ መሣሪያ ሳይኖር ቅቤን በምን ታውቁት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «በሰው» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ቤቴ ከገባሁ በኋላ መልሱን አሳጥሬ እንደ ነገርኳት ተሰማኝ። ይህን የጻፍኩት ለእሷ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ልጆቼን ግን አሳድጎልኛልና እግዚአብሔር ይመስገን። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ደምሴ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ቤታቸው እንጦጦ ራጉኤል አጠገብ ስለሆነ በየጠዋቱ በእግራቸው ይወርዳሉ። ቢሮ ሲገቡ ኮታቸው ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸት ነበር።

ጋሼ ደምሴ ሱቅ ሲገቡ ተቆጣጣሪ ነኝ አይሉም። እንደ ማንኛውም ገዢ ተራቸውን ጠብቀው ይገዛሉ፣ ይከፍላሉ። ከዚያ በኋላ ነው «እንግዲህ ሥራዬን ልንገርህ» የሚሉት። የገዙትን በሦስት ጠርሙስ ይከፋፍሉታል፤ አንዱ ለምርመራ፣ አንዱ ለፍርድ ቤት፣ ሦስተኛው ታሽጎ፣ ውጤቱን ከተጠራጠረ እንዲያስመረምርበት እዚያው ለባለሱቁ ይቀራል።

«ለሌባ ምን ያደርግለታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው በመጀመሪያው ወር።

«ሌባ መሆኑን ገና መቼ አወቅን፣ ልጄ» አሉኝ።

በርበሬ ሲመረምሩ በብርጭቆ ውኃ ላይ ቆንጠር አድርገው ይበትኑታል። ንጹሕ በርበሬ ከላይ ተንሳፎ ይቆይና ቀስ እያለ ይርሳል። የሸክላ ዱቄት ያለበት እንደ ተበተነ ወደ ታች ይወርዳል። ከሥር የቀረውን በሁለት ጣታቸው መሐል አሽተው ወደ ጆሮዬ ያስጠጉልኛል። «ስሚው» ይሉኛል። ይንኮሻኮሻል። እንዲህ ያለ በርበሬ ይሸጥ የነበረ አንድ ባለሱቅ ሲፈረድበት ልጆቹ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። የእሱን በርበሬ በልተው የታመሙ ልጆችም እዚያው ነበሩ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲፈረድበት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሌላው ያስተማሩኝ ነገር የወተቱ ነው። ከእንጦጦ ወተት ይዘው የሚወርዱ ሴቶች ነበሩ፤ ድልድዩ አጠገብ ላለ አንድ ሱቅ ያስረክባሉ። ወተቱ ቀጥኗል የሚል አቤቱታ መጣ። እኔ በቀጥታ ወደ ሱቁ ልሄድ ተነሣሁ። ጋሼ ደምሴ ከለከሉኝ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እላይ ሴቶቹ ሰፈር ድረስ አስወጡኝና መንገድ ሳይጀምሩ አገኘናቸው። ጋሼ ከየቅላቸው አንዳንድ ጠብታ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አደረጉ። ውኃ የገባበት ወተት ይፈስሳል፤ ንጹሑ ባለበት ይቆማል። የሁሉም ቆመ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሱቁ የወረድነው፤ ውኃውም እዚያ ተገኘ።

«መጀመሪያ ከላይ፣ ከዚያ ከታች» አሉኝ ቁልቁለቱን ስንወርድ። «ከታች ከጀመርሽ ወሬው ቀድሞሽ ሽቅብ ይወጣል። እቃው የተገኘበትን ሰው ትከሻለሽ፤ ያደረገውን ግን አታገኚውም።»

አብዮቱ ሲመጣ ጋሼ ደምሴ በጡረታ ተሰናበቱ። አሠራሩም ተለወጠ። ክሱ በቀበሌና በከፍተኛ ፍርድ ሸንጎ መታየት ጀመረ። ፊት መቀጮ ተከፍሎበት ያልቅ የነበረው ጥፋት «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተባለ። አንድ ባለሱቅ በአንድ ሳህን በርበሬ ሱቁንም ነጻነቱንም ሊያጣ ይችል ነበር። አለቆቼ ይህን ክስ ይወዱት ነበር፤ በስብሰባ ላይ ለመናገር ይመቻል። እኔ ናሙናዬን በሦስት እየከፈልኩ ቀጠልኩ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ቅቤ ነው። ቀላቃዮች ሞራ ያቀልጡበታል፣ የላቆጠ ሙዝ ይለውሱበታል። የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ቅቤው ተሸጦ ያልቃል። ምላስ ግን ወዲያው ያውቃል፤ ሞራ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ ሙዝ ጣፈጥ ይላል። ችግሩ ይህ ሥራ የሚደራው በሁዳዴ መሆኑ ነው። ክርስቲያኑ ለፋሲካ ቅቤ የሚገዛው ጾም ላይ ሆኖ ነው፤ ያሸታል እንጂ አይቀምስም። ቀላቃይም ይህን ያውቃል። እኛም ተቆጣጣሪዎቹ ጿሚዎች ነን። እኔ ነፍሰ ጡር ሆኜ የንስሐ አባቴ ሲፈቅዱልኝ እንኳ ሁዳዴን አልተውኩም። ቢሮ ውስጥ «ጽጌን ሽታውም ያስገድፋታል» ይሉኝ ነበር።

ለዚህ መላ ያበጁት ጋሼ ደምሴ ናቸው። ቀበና ድልድይ ግርጌ ዘይነብ የምትባል ሴት ሱቅ ነበራት። ከወሎ የመጣች ናት፤ ባሏ የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ቅቤ፣ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። ጋሼ ገና ሱቁን ስትከፍት ጀምሮ ያውቋታል፤ አንድም ጊዜ ነውር አላገኙባትም። በጾማችን ወራት የጠረጠርነውን ቅቤ ወደ እሷ እንወስዳለን። በጣቷ ጫፍ ወስዳ ምላሷ ላይ ታሳርፋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ወደ ውጭ ትተፋለች። ደህና ከሆነ «ንጹሕ ነው» ትላለች። ካልሆነ «ሞራ ነው፤ ያረደውንስ ማን ያውቀዋል?» ብላ አፏን ደጋግማ ትጉመጠመጣለች። ማን እንዳረደው የማታውቀውን ሞራ አፏ ውስጥ ማስገባት ለእሷ ቀላል ነገር አልነበረም። አንድም ቀን ግን እምቢ አላለችንም።

በረመዳን ደግሞ ተራው የእኔ ነው። ባላገሮች ቅቤ ይዘው ሱቋ ሲመጡ እሷ ጿሚ ናትና መቅመስ አትችልም። ሰው ትልክብኛለች፤ «ጽጌ ምላሷን ይዛ ትምጣ» ብላ።

«ሁዳዴያችሁ ረዘመ» አለችኝ አንድ ጊዜ፤ «መንግሥት ለምላሴ ደሞዝ ይቁረጥልኝ እንጂ።»

«እንደምትሠሪበትማ ቢሆን ግብሩን አትችይውም» አልኳት።

እስክትደክም ሳቀች። ሳቋ መንገድ ዳር ድረስ ይሰማ ነበር።

በዚያ ዓመት የቀበሌው ግዢ ኮሚቴ ለበዓሉ ከገጠር ቅቤ አስመጣ። አብዛኛው ወደ ቀበሌው መጋዘን ገባ፤ ለፋሲካ ዋዜማ ለየቤቱ ሊታደል። ጥቂቱን ግን ቀድመው ለሚገዙ እንድትሸጥ ለዘይነብ ሱቅ በትእዛዝ ሰጧት። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ታምራት የሚባል፣ አንደበቱ የቀና ወጣት ነበር።

ዘይነብ ላከችብኝ። ስገባ የአራት ወር ልጇን እያጠባች ነበር። በሩን እንድዘጋው በዓይኗ አመለከተችኝ።

«ቀመስኩት» አለችኝ። «ላንቃዬ ላይ ተለሰነ።»

«ሞራ?»

«ሞራም ሙዝም። እኔ ይሄን ለፋሲካችሁ አልሸጥም፣ ጽጌ። ሰው ከዘይነብ ገዛሁ ነው የሚለው።»

«ለምን አትመልሺላቸውም?»

«ለማን? ለታምራት? ቅቤህ መጥፎ ነው ብዬ?» ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችው። «እኔ ምላስ ነው ያለኝ። አንቺ ሕግ አለሽ። በሕግ ያዥልኝ።»

ቅቤውን እጄ ጀርባ ላይ አሸሁት። ንጹሕ ቅቤ በሰውነት ሙቀት ወዲያው ይሰርጋል፤ ይኼኛው ነጭ ሆኖ ቀረ። በብርጭቆ አድርጌ ሙቅ ውኃ ውስጥ አቆምኩት። ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ከላይ እንደ ሻማ ደረቅ ያለ ነጭ ቅርፊት ያዘ፣ ከሥር ጭቃ የመሰለ ነገር ተኛ። ናሙናውን በሦስት ከፍዬ አሸግኩ፤ አንዱን ለእሷ ተውኩላት። ከዚያ ጠርሙሶቼን እንደ ያዝኩ ወደ ቀበሌው መጋዘን ሄድኩ።

ታምራት መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ጓድ ጽጌ፣ ከዘይነብ ሱቅ ቅቤ ወሰድሽ አሉ» አለኝ።

«ወስጃለሁ። የመጣው ከዚህ ነውና ይህንንም ልየው።»

«ይሄ የሕዝብ ንብረት ነው። በደብዳቤ ነይ።»

ወደ ቢሮ ተመልሼ የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ ደብዳቤ ለመንኩት። ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» አለኝ።

«ሦስት።»

«እንግዲህ» አለና ወደ ጽሑፉ ተመለሰ። ደብዳቤው አልተጻፈም።

በዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዘይነብን ከነሕፃኗ ወሰዷት። ሱቋ ታሸገ፤ ለእሷ የተውኩላት ጠርሙስም እዚያው ውስጥ ቀረ። ክሱ ንጹሕ ቅቤ ከቀበሌ ተረክባ ባዕድ ነገር ቀላቀለችበት የሚል ነበር። ማስረጃው ቢሮ ያስገባሁት የእኔው ናሙና ነው።

ጋሼ ደምሴ ዘንድ ወጣሁ። ታመው ነበር፤ ጋቢ ደርበው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ከታች ጀመርሽ» አሉ በቀስታ። ሌላ ወቀሳ አልጨመሩም። «ቀጠሮ ጠይቂ» አሉኝ። «ከፋሲካ በኋላ ይሁን በያቸው። ያ ቅቤ በዋዜማው ይታደል የለ? ሴቱ ሁሉ በየድስቱ ያየዋል። ያን ጊዜ ዘይነብ ምስክር አታጣም።»

ተስፋችን ይኸው ብቻ ነበር፤ ጥቂት ቀን ማግኘት።

ሸንጎው የተቀመጠው በሰሞነ ሕማማት፣ ረቡዕ ዕለት ነው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰብሳቢው በዕድሜ የገፉ የቀድሞ መምህር ናቸው። ዘይነብ ልጇን አዝላ ቆመች። ባሏ አሰብ መንገድ ላይ ነበርና ገና አልሰማም።

«ናሙናው የተወሰደው ከየት ነው?» አሉኝ ሰብሳቢው።

«ከሱቋ ነው። የጠራችኝ ግን ራሷ ናት። ያጠፋ ሰው ተቆጣጣሪ አይጠራም።»

«ሊታወቅባት መሆኑን ስታይ ነው የጠራችሽ» አለ ታምራት።

«መጋዘኑ ይከፈትና ይታይ» አልኩ።

«የተከሰሰው መጋዘኑ አይደለም» አለና ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ሸንጎው አንድ ነገር ይወቅልኝ። ይቺ ተቆጣጣሪ ቅቤ የምትመረምረው በተከሳሿ ምላስ ነው። ይቺ ስትጾም ያቺ ትቀምስላታለች፤ ያቺ ስትጾም ይቺ ትቀምስላታለች። ተቀማምሰው ነው የሚኖሩት።»

አዳራሹ ሳቀ። ጋሼ ደምሴ በከዘራቸው ተደግፈው ከኋላ ተነሡ። ከእንጦጦ በዚያ ሕመማቸው ወርደው ነበር።

«ያን ያስጀመርኳቸው እኔ ነኝ» አሉ። «የሚያስቅ አይመስለኝም።»

«የጃንሆይ ጊዜ ሠራተኛ ነዎት አይደል?» አላቸው ታምራት።

«የምግብ ሠራተኛ ነኝ። ሸንጎው ቀጠሮ ይስጥ። የፋሲካ ማግስት ይሁን፤ አንድ ቀን ይበቃል።»

ሳቁ ቆመ። ሰብሳቢው ፊታቸው ያለውን ወረቀት አዩ፣ ታምራትን አዩ። «ፍርዱ ከበዓሉ በፊት ለሕዝብ እንዲሰማ ታዟል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ዘይነብን የምትናገረው እንዳላት ጠየቋት።

«የቀመስኩት ለሚጾም ሰው ብዬ ነው» አለች። «ሌላ የምለው የለኝም።»

አንድ ዓመት እስራት ተፈረደባት፤ ሱቋ ለቀበሌው እንዲተላለፍ ተወሰነ። ሲያወጧት በአጠገቤ አለፈች። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ያለቅስ ነበር።

«ጡቴ እየደረቀ ነው፣ ጽጌ» አለችኝ። ይህን ብቻ ነው ያለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። የመጋዘኑ ቅቤ በዋዜማው ታደለ። ፋሲካ ዕለት በሰፈሩ ድስት ሁሉ ላይ ነጭ ቅርፊት ያዘ። እኛ ሴቶቹ ቦኖ ላይ ውኃ ስንቀዳ ዓይን ለዓይን ተያየን። አንዷ ሌላዋን «ቅቤው እንዴት ነበር?» አለቻት፤ «ደህና ነው» አለች፣ እንስራዋን አዝላ ሄደች። እኔ ዘንድ የመጣ ሰው የለም። አልፈርድባቸውም፤ ሁሉም ልጅ ነበረው። ታምራት ወደ ከፍ ያለ ቦታ ተዛወረ። ጋሼ ደምሴ በዚያው ክረምት ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማርልኝ።

ዘይነብ ክረምቱ ሲወጣ በምሕረት ተፈታች። ሱቁ አልተመለሰላትም። መንገድ ዳር ቆሎ እየሸጠች ልጆቿን አሳደገች፤ ያ ሕፃንም በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ፤ ዛሬ እሱም ሾፌር ነው። በተከታዩ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ቆሎዋን ይዛ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። «የሚቀመስ የለም?» አለችኝ። እኔ ከዚያ ወዲህ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከታች ጀምሬ አላውቅም። ከላይ ስጀምር ያልተከፈተልኝ በር ብዙ ነው። ያልተከፈተልኝ ጊዜ ደግሞ ታች ያለውን አልከሰስኩም፤ ለዚህም በአለቆቼ ተወቅሻለሁ።

ፍርዱ የተሰጠ ዕለት ማታ ግን ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። የማውቀው ጡቷ መድረቁን ብቻ ነው።

ማግስቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት ተነሥቼ እሳት አነደድኩ። እህቴ ለልጆቼ ፋሲካ ከሰላሌ የላከችው ቅቤ ነበረኝ። የገብስ ገንፎ አገነፋሁ፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤውን አፈሰስኩበት፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ እስር ቤቱ ሄድኩ።

በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ልጅ ቆሞ ነበር።

«ምንድነው?»

«ገንፎ። ለዘይነብ ነው፤ ታጠባለች።»

ጨርቁን ገለጠና አየው። «ያመጣ ሰው ይቀምሳል» አለኝ። «ደንብ ነው።»

«ሕማማት ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ እትዬ። እኔም ጿሚ ነኝ።» ወደ ግቢው ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ሳይቀመስ ግን አላስገባም፤ እኔንም ያዩኛል።»

ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰማሁት። የራብ ልቅሶ እናት ታውቀዋለች።

ነጠላዬን አስተካከልኩ። ከገንፎው በጣቴ ቆረስኩ፣ ቅቤው ውስጥ ነከርኩት፣ ጎረስኩ። ልጁ አፌን ያይ ነበር። እስክውጠው ጠበቀ፤ ዋጥኩት።

«ንጹሕ ነው» አልኩና ሳህኑን ሰጠሁት።